ለትራውት የታሰረ ላባ

ደመቀ ከሚጥል በሽታው መፈወሱን በጉባኤ ፊት ሲመሰክር ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው ሚስቱ እታለም ነበረች። ቤት ገብቶ የክኒኑን ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ዞር ሲልላት አወጣችው፤ ከማግስቱም ጀምሮ ክኒኑን እየወቀጠች ፍርፍሩ ላይ ትነሰንስ ጀመር። «መድኃኒትህን ዋጥ» ብትለው እምነት የጎደላት እሷ ልትሆን ነዋ! ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ ደመቀ ግን ሳህኑን ጠርጎ ይበላ ነበር።

ዓርብ ማታ ፌርፋክስ ሰፈር ካለው አፓርትማቸው ተቀምጦ ትራውት ለሚባለው የወንዝ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ስትሪመር፣ ከላባና ከክር የሚሠራ ማታለያ፣ ያስር ጀመር። መንጠቆውን በመቆንጠጫ ያዘ፤ ለጅራቱ ጥቁር ላባ አስሮ፣ ገላውን በሱፍ ክር ጠቀለለ። ውኃ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ያን ማታ ግን ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ክሩ ደጋግሞ አመለጠው።

«በሽታው ሊመለስበት ነው» ብላ እታለም ሰጋች። ቋጠሮውን ተቀብላ አጠበቀችለት። ጠዋት ፍርፍሩ ላይ አንድ ክኒን ጨመረች።

መኪናውን እሷ ነድታ ወደ ሳን ገብርኤል ተራሮች ወጡ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ሪላክስ አድርጊ እንጂ» አላት ወንዙ ዳር ሲደርሱ።

እስከ ጉልበቱ ገብቶ ስትሪመሩን ወረወረ፤ ክሩን ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ ያደርገዋል። ከድንጋይ ሥር ትራውት ተስፈንጥሮ ነከሰ። የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ፤ ደመቀም አብሮ ጎበጠ፣ ከዚያ ተዘረረ።

እታለም ዋና አትችልም። «በኢየሱስ ስም!» እያለች ከነጫማዋ ገባች፤ ኮሌታውን ይዛ ጎትታ ዳር አወጣችው። ዘንጉን ወንዙ ወሰደው።

«አትፍሪ፣ አልጣለኝም» አላት ምላሱ እየተሳሰረ። «አዙሮኝ ነው። ሰሞኑን ሁሉ ያዞረኛል። እታለምዬ… ለፓስተሩ እንዳትነግሪ። ክኒኑን አላቆምኩም። ከመሰከርኩ በኋላ አፍሬ ነው እንጂ፣ ከፋርማሲ ሪፊል አድርጌ ተደብቄ እወስዳለሁ። ዛሬም ወስጃለሁ።»

እታለም ክው አለች። ለካ ስትፈራ የከረመችው የገዛ እጇን ሥራ ነው።

«ደሜ፣ እኔም እኮ ቁርስህ ላይ እያደረግኩልህ ነበር! ዛሬማ ሁለት ነው…»

አልሰማትም፤ ዓይኑን ከድኗል። በብብቱ ገብታ አነሣችው፤ ስሙን እየጮኸች ወደ መኪናው ትጎትተው ጀመር።