ሦስተኛው መስመር

አጎቷ ከወርክሾፑ ሲወጡ የስልኩን እጀታ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙታል። ደዋዩ የተያዘ መስመር ጩኸት ሲሰማ "ወይ እነዚህ ሰዎች፣ ሥራ በሥራ ሆነዋል" ይላል ብለው ያምናሉ። ለአሳንሰር ጠጋኝ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም ባይ ናቸው።

ከውጭ ተምራ የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት ደጋግማ ስትደውል ይኸው ጩኸት ብቻ እንደመለሰላት ሰማች። በሩን በብረት ፈልቅቀው ያወጧት ጎረቤቶቿ ናቸው። ከዚያ ወዲያ እጀታው ተጋድሞ ባየች ቁጥር ያቺ ነፍሰ ጡር ትታወሳታለች።

አንድ ማለዳ ገመድ፣ መሰርሰሪያና ሁለት ተጨማሪ ስልክ ይዛ መጣች። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው፤ የአጎቷ ስልክ ከተያዘ ጥሪው እናቷ መለዋወጫ ወደምትሸጥበት ጓዳ፣ እሱም ከተያዘ ወደ እሷ ጠረጴዛ ያልፋል።

"ምንድነው ይሄ የሸረሪት ድር?" አሉ አጎቷ፣ ገመዱን በእርሳስ እየነካኩ።

"ሰው ሲጣራ አቤት ባይ እንዳያጣ ነው ጋሼ።"

"አቤት ባዩ እኔ ነኝ! ድፍን ከተማ የሚያውቀው የእኔን ድምፅ ነው። አንዴ አንቺ አንዴ እናትሽ ስትመጡበት፣ ደንበኛው የተሳሳተ ቤት ነው ብሎ ይዘጋዋል።"

"ይዝጋው። ሊፍት ተዘግቶበት ከሚቀር ስልኩን ይዝጋው።"

እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። "የእኔ ድምፅ ደግሞ ምን አጠፋ? አንተን እሹሩሩ ብዬ ያስተኛሁት በዚሁ ድምፅ እኮ ነው።"

"አንቺ ደግሞ አታባብሺ!" አጎቷ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። "ስመለስ ይሄ ሁሉ ተነቅሎ ላግኝ። አለዚያ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።"

"ይንቀሉት። መልሼ እዘረጋዋለሁ። ሲነቅሉ ስዘረጋ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።"

አጎቷ እንደ ልማዳቸው እጀታውን አጋድመው፣ በሩን በኃይል ወርውረው ወጡ።

አፏ ደፈረ እንጂ ልቧ አላረፈም። በሰው ቤት ምሰሶ የምታቃና እንግዳ ሆኜ ይሆን? ስትል አሰበች። ግን አንዲት ምስማር አልነቀለችም።

እናቷ ከደንበኛ ጋር በስልክ እየተከራከረች ሳለ የእሷ ስልክ ጮኸ።

"አቤት፣ አሳንሰር ጥገና።"

ረዥም ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ ጉሮሮ ተጠረገ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ምነው?"

"ልብስ ፋብሪካው ሕንፃ ነኝ። ሊፍቱ... ከነሰዉ መሀል ላይ ቆሟል።"

"ባለፈው ሳምንት የጠገኑት?"

"የትኛው እንደሆነ ምን አገባሽ!"

መሣሪያዋን ከወዲሁ ቦርሳ ውስጥ መክተት ጀመረች። "እጀታውን እኮ አጋድመው ነው የሄዱት።"

"አውቃለሁ!" አሉ። ከጀርባቸው አንድ ሰው "ጋሼ፣ ኧረ ቶሎ በሏቸው" ሲል ይሰማል።

"መጣሁ። ገመዱስ?"

"አልወደድኩትም። ነገም አልወደውም።"

"አይውደዱት። ይነቀላል ወይ ነው ያልኩት።"

"አይነቀልም!" ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። "ግን የመጀመሪያው መስመር የእኔ ነው!"

"የእርስዎ ነው፤ እጀታውን ቦታው ካስቀመጡት።"

ስትወጣ በአጎቷ ጠረጴዛ በኩል አለፈችና እጀታውን ራሷ መለሰችው። ገና እጇን ሳታነሳ ጮኸ።

"እማ፣ አንሺው!"

እናቷ እየሮጠች መጥታ በወንድሟ ወንበር ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

"አቤት!" አለች፣ ድፍን ከተማ በሚሰማው ድምፅ።