አረንጓዴው ሐር

የአልባሳት ዲዛይነሯ ሮዊና ለቴሌቪዥን የፍቅር ፊልሙ መሪ ተዋናይት፣ በጥንቱ የእንግሊዝ ፋሽን ወገቡ ከደረት ሥር የሚጀምር ፈዛዛ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ ክረምቱን ሙሉ በእጇ ስትሰፋ ከረመች። ተዋናይቷ ለጋብቻ ጥያቄው ትዕይንት ከሳሎኑ ግድግዳ አጠገብ ስትቆም ግን፣ በካሜራው የታዩት ፊቷና እጆቿ ብቻ ነበሩ። ግድግዳውን በዚያው አረንጓዴ ያስቀባው የቀረጻ ቦታ አዘጋጁ ዴዝመንድ፣ የሮዊና ባል ነው። ባልና ሚስቱ የሥራ ወሬ ቤት እንዳይገባ ተስማምተው ስለነበር፣ አንዱ የሌላውን ቀለም አልጠየቀም።

«ሮዊና፣ ሰውየው ጭንቅላት ብቻ ሊያገባ እኮ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ከአልባሳት አከራዮች ሌላ ቀሚስ ይምጣ።»

ሮዊና ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ከወለሉ አነሳች።

«የሚመጣውም ይበላሻል» አለ ዴዝመንድ ረጋ ብሎ። «የግድግዳው ቀለም ገና እርጥብ ነው። ነጩ ደረጃ ላይ ብትቀርጹ ይሻላል።»

ዳይሬክተሩ እያጉረመረመ ካሜራውን ወደ ደረጃው አስወሰደ። ሮዊና ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው።

«አንተ ውሸታም» አለችው በሹክሹክታ። «ይህን ያህል የለፋህበትን ግድግዳ ማንም ሳያየው ሊቀር ነው።»

«አንቺ አይተሽዋል። አሁን ሂጂ፣ የቀሚሱን ጫፍ እንዳይረግጡብሽ።»