የቀኝ ጆሮዬ ምርመራ

ዓይኔን አለፍኩ። ልቤን አለፍኩ። ደሜን፣ ሽንቴን፣ ሳንባዬን፣ ሁሉን አለፍኩ። የቀረኝ ጆሮ ብቻ ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬ እንደማይሰማ ደግሞ ካወቅኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ስልክ ወደዚያ ባዞርኩ ቁጥር የሰው ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የአብራሪዎች ማሠልጠኛው የፈተና ውጤቴን አይቶ ተቀብሎኛል። የጤና ማረጋገጫ ወረቀቱን እስከ አርብ ካላስገባሁ ግን ቦታዬ ለተጠባባቂ ይሰጣል። የጎደለኝ "ብቁ ናት" የምትል አንዲት መስመርና አንድ ማኅተም ነው።

አባቴ አብሮኝ መጥቷል። አትምጣ ብለው ማን ሰምቶኝ! የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ብረት እየያዝኩለት ነው ያደግኩት። መቁረጫ ማሽኑ ሲጮህ ማንም ማንንም ስለማይሰማ እኛ ጋ ሥራ ላይ የሚወራው በከንፈር ነው። "ያዢ"፣ "ልቀቂ"፣ "ዓይንሽን ጠብቂ"፤ ሁሉም ያለ ድምፅ። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ሁላችንም እንጮሃለን፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። እኔ ሌላው ሕዝብ ሲፈጥረው የሚያንሾካሹክ ነበር የሚመስለኝ። ችግሩ ከኔ ጆሮ መሆኑ መች ታየኝና!

መውደቁን ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ከመውደቁ ይልቅ የፈራሁት ግን አባቴ ምክንያቱን እንዳያውቅ ነው። ልጄን ያደነቆርኳት እኔ ነኝ ብሎ ካመነ ያን ማሽን ዳግመኛ አይነካውም፤ እሱን የመሰለ ሰው ደግሞ ሥራ ከፈታ አይከርምም።

"ካፒቴን!" አለኝ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር። "ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"ቁርስ ስላልበላሁ ነው አባዬ።"

"ምን?"

"ቁርስ!"

ተጠራሁ። የጆሮ መመርመሪያዋ ክፍል ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል። ባለሙያዋ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና "ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ይቺን ትጫኛለሽ" ብላ የመጫኛ ቁልፍ አስጨበጠችኝ። በሩ ተዘጋ። ግራው ቀላል ነበር፤ ሲጥ ባለ ቁጥር ተጫንኩ። ከዚያ ቀኙ መጣ። ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። አሁንም ጠበቅኩ። የራሴ ልብ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ድው ድው ይላል። ዝም ብዬ ብቀመጥ መውደቄ ነው። በግምት ተጫንኩ። ሦስት ቆጠርኩና ደገምኩት።

በሩ ተከፈተ። "እህቴ፣ አሁን ምን ሰማሽ?"

"ሲጥ የሚል ነገር።"

"እኔ እኮ ወረቀት እየቀየርኩ ነበር። ምንም አልላክሁልሽም።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። ዶክተሩ ውጤቱን ሁለቴ አነበበው።

"በማሽኑ አላለፍሽም" አለኝ። "አንድ ዕድል ግን አለሽ፤ በንግግር እፈትንሻለሁ። መጀመሪያ ግን ከቤተሰብ የምጠይቀው ነገር አለኝ።" ይህን ብሎ አባቴን አስጠራው። አሁንስ አለቀልኝ አልኩ።

"አባት፣ በዘራችሁ የመስማት ችግር ያለበት ሰው አለ?"

አባቴ የዶክተሩን አፍ ትክ ብሎ አየና "የለም!" አለ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

ዶክተሩ ደህናውን ግራ ጆሮዬን በጥጥ ደፈነውና ጀርባዬን ሰጥቼው እንድቀመጥ አደረገኝ። እሱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ቃል ይናገራል፣ እኔ እደግማለሁ። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዶክተሩ ይናገር አይናገር አላውቅም። ያኔ የአባቴ ከንፈር ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ሥራ ላይ እንደምናደርገው። "መስኮት።"

"መስኮት" አልኩ።

ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ዶክተሩ አፍ ላይ ተተክሏል። "ዝናብ።"

"ዝናብ።"

"ሠላሳ አራት።"

"ሠላሳ አራት" አልኩ። በሦስት ቃል እያለፍኩ ነበር። ነገ አውሮፕላኑን ይዤ ስወርድ ደህናው ጆሮዬ ቢደፈንብኝና ከምድር "ተመለሺ፣ መንገዱ ተይዟል" ቢሉኝ ማን በከንፈሩ ይነግረኛል? ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ታየኝ። እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። "ዶክተር፣ አልሰማሁም" አልኩ። "ሁሉንም የነገረኝ አባቴ ነው።"

አልተቆጣም። "ብቁ አይደለችም" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙን መታበት።

ኮሪደሩ ላይ ጥጡን ከጆሮዬ አውጥቼ አባቴን አስቆምኩት። "ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር?"

"ምን?" አለ።

"አትቀልድብኝ አባዬ። አፌን አንብበኸዋል።"

መሬት መሬቱን አየ። "አሥር ዓመትሽ ላይ ነው። በቀኝሽ በኩል ስጠራሽ መዞር ተውሽ። ሠራተኞቹም ነግረውኛል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የራሴን ጉድ ከሁሉ ኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። "ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድከኝም?"

"ከማሽኑ አርቃት ይሉኝ ነበራ።"

"ቢሉህስ?"

"ብረቱን ማን ይይዝልኝ ነበር?"

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እንዳያውቅ ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ሰው ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጥዬው ወደ በሩ ሄድኩ። ጠራኝ። በግራ ጆሮዬ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። አልዞርኩም።