ለበሩ የሚሆን ቃል

ቢሻው አራተኛውን ፊደል ቀብቶ አምስተኛውን ሊጀምር ብሩሹን ቀዩ ቀለም ውስጥ ሲነክር፣ ከኋላው የፈረስ ኮቴ ቆመ።

"ምንድን ነው የምትጽፈው አንተ?" አሉ መምህር ሽመክት ከፈረሳቸው ሳይወርዱ።

"ዝግ ነው የሚል ነዋ መምህር፤ በእንግሊዝኛ።"

"ዝግ ማለት እሱ ነው ብሎ ማን ነገረህ?"

ቢሻው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳያቸው። ከተማ ውስጥ በተዘጋ መጋዘን በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ቢሻው እንግሊዝኛ አያነብም። እጁ ግን ያየውን ፊደል አንድም ሳያዛንፍ ይገለብጣል፤ እንጅባራ ውስጥ ዐሥር ዓመት እንጀራ የበላው በዚሁ ነው። የሚፈለገውን ቃል ካገኘበት ፎቶ ያነሣል፣ በክርና በጠመኔ መስመሩን ይጥላል፣ ይቀባል። እስከዛሬ "ምግብ ቤት" እና "ፀጉር ቤት" ሲያስጽፉት ችግር አልገጠመውም ነበር።

"ይሄ ሲልድ ነው የሚለው" አሉ መምህር። "ታሽጓል ማለት ነው። ሕግ መጥቶ፣ ማኅተም መትቶ፣ ማንም እንዳይነካ ብሎ ሲሄድ የሚለጠፍ። ደጊቱ ምን አጥፍታ ነው ቤቷን የምታሽግባት?"

ቢሻው ብሩሹን አስቀመጠ። ድምፅ የሰማችው ደጊቱ ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ጥላ ወጣች። የተባለውን ስትሰማ በሩን አየች፤ ቢሻውን አየች።

"ጥሩ ነው" አለች። "ጎረቤት ሁሉ ምን ሠርታ ኖሯል እያለ ሲያወራ ይክረም።"

"አሁኑኑ በቤንዚን እጠርገዋለሁ፣ እትዬ ደጊቱ። የማይጠረግ ቀለም የለም።"

ጥርባ በምትባለው ቦታ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ ከሚያስገባው መንገድ አጠገብ ያለችውን ባለ አምስት ክፍል ፔንስዮን የሠራት የደጊቱ ባል አየነው ነው። ግንበኛ ነበር። የሌላውን ሰው ቤት ሲሠራ እየዋለ፣ እሑድ እሑድ የራሱን ክፍሎች አንድ በአንድ አቆመ። ሐይቁን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችና የዩኒቨርሲቲ እንግዶች ያድሩባት ነበር። አየነው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ተዘጋ ይባላል፤ ከመስቀል ወዲህ አንድ አንሶላ እንኳ አልታጠበም።

ባሕር ዳር ያለችው ልጇ ናርዶስ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ደጊቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሚያልፈው ሚኒባስ ወደ እሷ ልትሄድ ነው። ልጅቷ የምትለው ግን ሌላ ነው፤ ቤቱን ሽጪና ጠቅልለሽ ነዪ። ደጊቱ እሺም እምቢም አላለችም። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ መሄድ የሚለው ሐሳብ የናርዶስ ነው፤ ድንገት አንድ ፈረንጅ ቢመጣ ደጅ ቆሞ እንዳይደክም ብላ።

"እና የቱ ነው የሚሻለው?" አለች ደጊቱ።

መምህር ሽመክት ከፈረሳቸው ወርደው ልጓሙን የመብራት እንጨቱ ላይ አሰሩ። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ደስ እንዳላቸው ያስታውቅባቸዋል።

"ሻት አለ" አሉ። "ሻት የእጅ ነው። ነፋስ ሲመጣ መስኮቱን መለስ ታደርጊዋለሽ፤ በቃ፣ እሱ ነው። ክሎዝድ ደግሞ የሰዓትና የሐሳብ ነው። ባለሱቁ ምሳ እየበላ ውስጥ ተቀምጦ ክሎዝድ ሊል ይችላል። ሎክድ ካልሽ ቁልፍ አለበት። ሻት ዳውን ካልሽ ግን ፋብሪካ ነው፤ ተነሥቶ መሥራቱ ያጠራጥራል።"

"እኛስ መቼ አነሰን? መዝጋት አለ፣ መቀርቀር አለ፣ ገርበብ ማድረግ አለ።"

"አላነሰንም። አንቺ የእንግሊዝኛውን ጠይቀሽኝ ነው።"

"ይሁና። ባሏ ሞቶባት፣ አራስ ልትጠብቅ የሄደች፣ ትመለስ አትመለስ ያልቆረጠች ሴት በር ምን ይባላል ታዲያ?"

መምህር የዝንብ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ለሱ እነሱም ቃል ያላቸው አይመስለኝም" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ አንቺ ቁረጪ። ከዚያ በኋላ ቃል አይጠፋም።"

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ፤ ናርዶስ ናት።

"እማዬ፣ የኢንተርኔት ካርታው ላይ የኛን ቤት እያስተካከልኩ ነው። ለጊዜው የተዘጋ ወይ ለዘለቄታው የተዘጋ ከሚለው ምረጪ ይለኛል። የቱን ልንካው?"

"ቆይ እስቲ።"

"እማዬ፣ እስከመቼ ነው ቆይ የምትዪው?"

"መልሼ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ" ብላ ዘጋችው።

የቀረ ነገር እንዳለ ለማየት ወደ ግቢ ተመለሰች። ትናንት ከእንጅባራ የገዛችው ጓጉንቸር ከነካርቶኑ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጧል። ከበሩ ኋላ ደግሞ አየነው ከጥድ ጠርቦ የሠራው የበር መወርወሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጁ ብዙ ጊዜ ከመያዙ የተነሣ መሐሉ ልሟል።

ደጊቱ ያደገችው አዲስ ቅዳም አጠገብ ነው። እዚያ ሄዶ የሚመለስ ሰው ቤቱን በጓጉንቸር አይቆልፍም፤ መወርወሪያውን ከውጭ በኩል አጋድሞ ይሄዳል። ያን ያየ ጎረቤት በየቅዳሜው ገብቶ እሳት ያነዳል፣ ጭሱ ምስጡን ያባርራል፣ ከብት ደጁን እንዳይረግጥ ይጠብቃል። የተቆለፈ ቤት ግን ሰዎቹ ላይመለሱ የሄዱበት ነው፤ ማንም አይደርስበትም። አባቷ የሞቱ ጊዜ ወንድሟ ይሄነው የከተማ ሰው ነኝ ብሎ የአባታቸውን ቤት በትልቅ ጓጉንቸር ቆለፈው። በሁለተኛው ክረምት ሲመለሱ ጣሪያው ወርዶ፣ በሩ ብቻ ከነጓጉንቸሩ ቆሞ አገኙት። ጎረቤቶቹን ሲወቅሱ "የተዋችሁት መስሎን" ነበር መልሳቸው። ሐሰት አልነበረም።

ደጊቱ ፈራች። ባሕር ዳርን አይደለም፣ መሸጡንም አይደለም። የፈራችው ሳትሸጠውም ሳትተወውም እንዲሁ ቤቱ በእጇ እንዳይሞት ነው። አየነውንም ተቀየመችው፤ ይህን ሁሉ ለእሷ ትቶ በመሄዱ። ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጠርጋ መወርወሪያውን አነሣች።

ቢሻው በሩን ጠርጎ ጨርሶ ነበር፤ ቀይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ቀርቷል። ደጊቱ ከበሩ ራስ በሽቦ የተንጠለጠለውን ትንሽ ጣውላ አወረደች። አየነው በገዛ እጁ በሰማያዊ ቀለም ኦፕን ብሎ ጽፎበታል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ ጠቧት ወደ ላይ ወጥታለች።

"በሩን ተወው፤ እዚህ ላይ ክሎዝድ ብለህ ጻፍልኝ" አለች። "መምህር በወረቀት ይጽፉልሃል፣ አንተ ትገለብጣለህ።"

"የፊተኛውን ላጥፋው?"

"ጀርባው ላይ ነው ያልኩህ።"

"ፊቱ እንዳለ ይቅር?"

"እንዳለ ይቅር። ከሥሩ ስልኬን ጨምርበት።"

መምህር ሽመክት ጣውላውን ገልበጥ አድርገው አዩና እስክሪብቷቸውን አወጡ። ደጊቱ ለናርዶስ ደወለች።

"ለጊዜው የሚለውን ንኪው።"

"ለስንት ጊዜ ነው ለጊዜው፣ እማዬ?"

"ልጁ አንገቱን እስኪያጸና። ከዚያ አንቺም ይዘሽው ትመጫለሽ።"

"እሺ" አለች ናርዶስ፣ ያልተዋጠላት መሆኑ እየታወቀባት።

ሚኒባሱ ከመታጠፊያው ጥሩምባውን ነፋ። ደጊቱ የክፍሎቹን ቁልፎች ለመምህር ሰጠች።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት የሚያነድልኝ አላጣም ብዬ ነው" አለች።

"እመቤት አለችልሽ" አሉ መምህር፤ ሚስታቸው ናት። "አንቺ ባትዪአትም አትቀርም ነበር።"

ሻንጣዋን ከነካርቶኑ ወደ ውጭ አውጥታ በሩን ገጠመችው። መወርወሪያውን ከውጭ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፋ፣ በመዳፏ ገፋ አድርጋ አጠበቀችው። ጣውላውን ቢሻው ቀለሙ ሲደርቅ ይሰቅለዋል። ሚኒባሱ አጠገቧ ሲቆም ሻንጣዋን አነሣችና ያልተከፈተውን የጓጉንቸር ካርቶን አየችው።

"እንካ ቢሻው" አለች። "ለዕቃ ሣጥንህ ይሆንሃል።"