ዘበኛው የተባረረበት ባትሪ

ስልክ ከገባ ወዲህ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ የባትሪ ሐኪም ሆኗል። «ሲሞላ ካልነቀሉት ይነፋል» ይላል አንዱ፤ «ደም ብዛት ይይዘዋል» ይላል ሌላው። ፈርሂያ ግን ከሪያድ ተመልሳ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ስለተማረች፣ ገበያው ዳር በከፈተቻት ቻርጅ ቤት ሃያ ስልክ ሰክታ ዝም ትላለች። እየሮጠች አትነቅልም። ይህ ነገሯ ጎረቤቷን፣ ስልክ ጠጋኙን ፈንታሁንን፣ ሁሌም ያበሽቀዋል።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የጋሽ መሐሙድ ስልክ ቻርጅ ላይ እንዳለ ክዳኑ ተፈናጥሮ ወደቀ። ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ጋሽ መሐሙድ ከከላላ በኩል በእግራቸው የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሁዳ የምትደውልላቸው በዚያ ስልክ፣ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ብቻ ነው። ክው አሉ። ፈንታሁን ግን ጮኸ፦ «አላልኩም? ከልክ በላይ አጠጥታ አፈነዳችው!» ገበያተኛውም ተቀበለው።

ሰፈሩን የሚያስታርቁት አቶ አበጋዝ ወዲያው ፈረዱ። «ጥፋትሽን እመኚና አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በያቸው። አለዚያ እዚህ ቤት ማንም ስልክ አያመጣም።»

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለች ፈርሂያ። «ያላጠፋሁትን አላምንም።»

ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ ራሷ ያቃጠለችውን ምንጣፍ በእሷ ስታላክክ፣ ነገሩ እንዲበርድ ብላ «እኔ ነኝ፣ አውፍ በይኝ» ብላ ነበር። በሳምንቱ ተባረረች። መካነ ሰላም መናኸሪያ ስትወርድ ሁለተኛ እንዲህ ላትል ማለች።

«የራሴን ስልክ ከዛሬ እስከ መጪው ቅዳሜ ሰክቼ እተወዋለሁ» አለች። «ከተነፋ ቤቱን በእጄ ዘግቼ፣ ከተማውን ለቅቄ ወግዲ እገባለሁ።»

አቶ አበጋዝ ማንም እንዳይነካው ቻርጀሩን ከሶኬቱ ጋር በክር አሰሩት። በዚያ ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠፋ፤ ለእኛ ከተማ ይህም ተአምር ነው። ፈርሂያ አልፈራችም ማለት ውሸት ነው። ረቡዕ ዕለት ብቻ ሦስት ጊዜ ስልኩን ዳስሳዋለች።

ቅዳሜ ገበያው ከበባት። ባትሪዋን አውጥታ መስታወት ላይ አስተኛችና በጣቷ ገፋችው። ያበጠ ባትሪ በሆዱ ይሾራል፤ ደህናው ልጥፍ ብሎ ይቀራል። ይህን ፈተና ለከተማው ያስተማረው ራሱ ፈንታሁን ነው። የእሷ አልሾረም። የጋሽ መሐሙድ እንደ እንዝርት ሾረ።

«ስልኩ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ባትሪውን እየለካ ነው የሚያበላው» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ሲደርስ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ያቆማል። ተሰክቶ ቢከርምም አያጎርሰውም። እሱ ቢበላሽ ደግሞ ባትሪው ራስ ላይ ሌላ ዘበኛ አለ፤ መስመሩን ይቆርጣል።» የባትሪዋን ሽፋን ገልጣ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ አሳየች። የጋሽ መሐሙድን ስትገልጥ ሰሌዳው የለም። በቦታው ሁለት ሽቦ ተበይዷል። «ጋሼ፣ የእርስዎን ዘበኛ ማን አባረረው?»

ጋሽ መሐሙድ አልዋሹም። «ባትሪው ሞተ ብዬ ለፈንታሁን ብሰጠው፣ ከፍቶ ሽቦ በይዶ ነፍስ ዘራበት። ቤት ደግሞ ከሶላሩ ሽቦ አውጥተን በቀጥታ ባትሪው ላይ እናስራለን፤ ቀኑን ሙሉ። ኋላ ክዳኑ አልገጥም ቢለኝ በላስቲክ አስሬ አመጣሁት።»

ፈንታሁን አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

አቶ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም፣ እውነቱ ወጥቷል። ታናሽ ነሽና ለሰላም ሲባል አንቺም አውፍ በያቸው፤ ነገሩ ይለቅ።» በእኛ አገር እርቅ እንዲህ ነው፤ የበደለም የተበደለም እኩል ጉልበት ይስማል።

«አልልም» አለች ፈርሂያ። «ሪያድ ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ነው የተባረርኩት። አገሬ ላይ አልደግመውም። ከፈለጋችሁ ቤቱን ዝጉት!»

ጋሽ መሐሙድ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «አውፍ በይኝ ልጄ፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አሉ። ሽማግሌ በገበያ መሐል ለወጣት ሴት እንዲህ ሲል ያየ ሰው አልነበረም።

«አውፍ ብያለሁ ጋሼ» አለችና ሲም ካርዳቸውን በራሷ ስልክ ከትታ ሰጠቻቸው።

ከዙሁር በኋላ ስልኩ ጠራ። ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ስለ ጤና አልጠየቁም፣ ስለ ዝናብም አላወሩም።

«ሁዳ» አሉ ገበያው ሁሉ እየሰማ፤ «ሴትዮዋ ያላጠፋሽውን አጥፍቻለሁ በይ ብትልሽ፣ እንዳትዪ። ሰማሽኝ? እንዳትዪ።»