የቀኙ ጓንት

ጊታ ስህተቱን ያወቀችው የሙዚየሙን ክፍል ለቃ ከወጣች፣ ካፖርቷን ከለበሰችና የቦርሳዋን ዚፕ ከዘጋች በኋላ ነው። የመስታወቱ ማሳያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ጓንቶች ሁለት ነበሩ።

ሁለት መሆን አልነበረባቸውም። አባቷ ሮሜክ ለሙዚየሙ የሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ከሱፍ የተሠራ፣ የአምስት ዓመት ልጅ የግራ እጅ ጓንት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስታወቱ ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። ዛሬ አጠገቡ ሌላ ነበር። እሷም አይታው አልፋለች፤ ሰው በሕልሙ የሞተ ዘመዱን አግኝቶ፣ ምንም ሳይገርመው ሰላም ብሎት እንደሚያልፈው።

"እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?" አለች ልጇ ሺራ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ በትራም ነው የመጣችው። "ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?"

"እንዲህ አይባልም! ሦስት ጊዜ እንትፍ በይ!"

"እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። አሁን ዳኑ?"

ጊታ ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ስልክ ከጮኸ ከሆስፒታል ነው፤ ሺራ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ትራሙ ተገልብጧል። ዛሬ ግን ምክንያት ነበራት። አባቷ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ እየመጣ ያለፈበትን ለተማሪዎች ይተርካል። ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ ጓንቱ ይሄድና መስታወቱን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ "ደህና እደር" ይለዋል። ድምፁ ከጎን ካለው አዳራሽ ይሰማል። በታሪኩ ገና በልጅነቱ ያስጠለለችው ዳቦ ጋጋሪ ሴትዮ ጋ ነው የደረሰው፤ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ልቡ ውስጥ ሁለት ቱቦ ተደርጎለታል።

"አንቺ እዚሁ አያትሽን ጠብቂ" ብላት ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

የክረምቱ ፀሐይ በጠባቧ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ እንደፈሰሰ ወተት ተኝታለች። ጊታ ውኃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቀስ ብላ ሄደች። በግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች፣ ሙሽሮቹ፣ ሕፃናቱ፣ ባለ ጺሙ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም ትንፋሻቸውን የያዙ መሰላት። ጎንበስ ብላ አየች። ከሁለቱም ጓንቶች ጫፍ የተበጠሰ ገመድ ወጥቷል፤ ከቀይና ከአረንጓዴ ክር የተጎነጎነ።

የዚያን ገመድ ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ትንሹ ሮሜክ ጓንቶቹን እንዳይጥል እናቱ በገመድ አያይዛቸው፣ ገመዱን በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ አሳልፋው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎች አይሁዶቹን በባቡር ወደ ካምፕ በወሰዱ ቀን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ ፔርላ ወንድሟን በዳቦ ጋጋሪዋ ጓዳ ደበቀችውና ገመዱን በጥርሷ በጠሰችው። "የግራው ላንተ፣ የቀኙ ለኔ። በሩን ክፍት ተውልኝ፣ ማታ እመጣለሁ" አለችው። አልመጣችም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሮሜክ በር ቆልፎ አያውቅም። ሜልበርን ከገባ በኋላ እንኳን አንድም ማታ። ጊታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ሰረቅ አድርጋ ቆለፈችው። ጠዋት አባቷን ደጃፉ ላይ በፒጃማ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኙት፤ በሩ ከኋላው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የነካ የለም፤ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባሏ ሲሞት ሺራን ይዛ አባቷ ቤት ስትገባም እንደዚያው ነበር። ጊታ ማታ ማታ በሩ ላይ ወንበር ታስደግፋለች፤ ሌባ ከመጣ ወድቆ እንዲጮህ ወንበሩ ላይ ድስት ታስቀምጣለች።

ሮሜክ ለእናቱና ለአባቱ በየዓመቱ የሙት ዓመት ሻማ ያበራል። ለፔርላ አብርቶ አያውቅም። "ቀኗን አላውቅም" ይላል። ሺራ ስትወለድ ጊታ ፔርላ ልትላት ፈልጋ ነበር። "በሕይወት ባለ ሰው ስም ልጅ አይጠራም" ብሎ ከለከላት።

"እትዬ ብሮንያ!" ጊታ በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት ሴት ዞራ በሹክሹክታ ጮኸች። "ማነው ይቺን ጓንት እዚህ ያደረጋት?"

ወይዘሮ ብሮንያ አርባ ዓመት ሹራብ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሙዚየሙን በነፃ የሚያገለግሉ አሮጊት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"እኔ ነኛ! ዕቃ ቤት ሳጥን ሳገላብጥ አገኘኋት። እነዚህ ወጣቶች ወረቀት ያነባሉ፣ እኔ ክር አነባለሁ። የአንድ ሴት እጅ ነው የሠራቸው። የተበጠሰበትን እዪው፣ ግጥም ይላል! አብራችሁ ሰጥታችሁን እነሱ ለያዩአቸው ብዬ አገናኘኋቸው። ምነው፣ መመስገን ሲገባኝ?"

"እኛ የሰጠነው አንድ ነው፣ እትዬ ብሮንያ።"

አሮጊቷ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ መለሱ። ከዚያ "ወይ ጉዴ" አሉ። "የሳላ ሳጥን ነበር እንዴ?"

ሳላ አምና በአረጋውያን መኖሪያ የሞተች ሴት ነበረች፤ ልጅ ስላልነበራት ዕቃዋን ሙዚየሙ ወሰደው። ሳጥኑ ውስጥ በፖላንድኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር፣ ማንም ገና ያልተረጎመው። ወይዘሮ ብሮንያ እየተጣደፉ ሄደው አመጡት። የመጀመሪያውን መስመር አንብበው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ጓንቱን ያንሱት" አለች ጊታ። "አሁኑኑ። ካየው ይሞትብኛል።"

"የመስታወቱ ቁልፍ ኃላፊዋ ጋ ነው፤ ትናንት ከፍታልኝ ነበር፣ ዛሬ ግን የለችም።"

ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። ጊታ ካፖርቷን ጫጩት እንደምታቅፍ ዶሮ ዘርግታ መስታወቱ ፊት ቆመች። አባቷ ሺራን ተደግፎ ገባ።

"ዞር በይ፣ ልጄ።"

"እንሂድ አባዬ፣ ትራሙ ያመልጠናል።"

"በየአሥር ደቂቃው አለ።"

"ዝናብ ሊመጣ ነው።"

"እማዬ፣ ፀሐይ እኮ ነው" አለች ሺራ።

"ስትዋሺ ጆሮሽን ትነኪያለሽ" አለ ሮሜክ፤ እንደ ሕፃንም ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ፈቀቅ አደረጋት።

ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ። ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ከወለሉ ላይ አነሳት፤ ኋላም መልሶ አስቀመጣት።

"ሁለት ናቸው" አለ፣ መቁጠር እንደሚማር ልጅ።

ወይዘሮ ብሮንያ ሳይጠየቁ ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ። "ይህ ጓንት የፔርላ ነው። ካምፕ ውስጥ ሁለት ክረምት በአንድ አልጋ ተኝተናል። የታናሽ ወንድሟ ስለሆነ ከጣቶቿ ጫፍ አያልፍም ነበር፤ ቢሆንም ይዛው ትተኛ ነበር። ታይፈስ ያዛት። ከአስቴር በዓል በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ክንዴ ላይ አረፈች። በሩን ክፍት ትቶልኛል፣ ከተረፈ እንዳይጠብቀኝ ንገሪው አለችኝ። ፈለግሁት። አላገኘሁትም።"

ሮሜክ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ጊታ የኪኒኑን ብልቃጥ ታግላ ከፈተች።

"ይህን የጻፈችው ሴት የት ነበር የምትኖረው?" አለ ሮሜክ።

"እዚሁ፣ በናንተው ትራም መስመር" አሉ ወይዘሮ ብሮንያ። "አሥራ ስድስት ፌርማታ ቢሆን ነው።"

"አሥራ ስድስት" አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ጊታ ደረቱን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ዘገየባት።

"ዋጠው፣ አባዬ። በእናትህ።"

"አንቺ ዋጪው፤ አመድ መስለሻል።" ዓይኑን ገለጠ። ጉንጩ ርሷል። "ሺራ፣ ከአስቴር በዓል በኋላ አራተኛው ቀን መቼ ይውላል?"

ሺራ ስልኳን ነካካች። "መጋቢት ውስጥ፣ አያቴ። ሰባት ወር ይቀረዋል።"

"እንግዲህ ሰባት ወር መሞት አልችልም፤ የማበራው ሻማ አለብኝ። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ትንሽ ትረፍ።"

ወይዘሮ ብሮንያ አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ኃላፊዋ ስትመጣ እንለያቸዋለን።"

"ማንም እንዳይለያያቸው" አለ ሮሜክ። ተነሳና መስታወቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። "ደህና እደሩ።"

የዚያን ማታ ሾርባቸውን ጠጥተው ሺራ ወደ መኝታዋ ሄደች። ጊታ እያንዳንዷን የአባቷን ሳል ስታዳምጥ ቆየች። ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዷ ወንበሩን አንስታ፣ ድስቱን በብብቷ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። አባቷ ቀድሟት ቆሟል። ቁልፉ ከሚስማሩ ላይ የለም።

"ወንበሩን መልሺው" አላት።

በሩን ከፈተው። ብርዱ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ገባ፤ ሩቅ፣ ትራም እያቃጨለ አለፈ። መንገዱ ባዶ ነው። ሮሜክ ትንሽ አየና መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አለ ወደ ጨለማው፣ በቀስታ።

ጊታ ሳታስበው ድስቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ እሷም መንገድ ለቀቀች።

ጠበቁ። አንዲት ልጅ ጫማዋን አራግፋ እስክትገባ የሚበቃ ያህል። ከዚያ አባቷ በሩን ገፋው፣ ቁልፉን ከተተ። አርባ ዓመት ያልዞረ ቁልፍ ነውና እምቢ አለው፤ ጊታ እጇን እጁ ላይ ደረበች፤ አብረው አዞሩት፤ ተቆለፈ።