ጋሽ ይርሳው ባጃጅ የተሳፈሩ ዕለት

የምስራችን ለማግባት የላክኋቸውን ሽማግሌዎች አባቷ ጋሽ ይርሳው «ልጄን ለሦስት ጎማ አልድርም» ብለው መለሷቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ አሁን የራሳቸው አይሱዙ አላቸው። «ባጃጅ ሲገጩት የሚጨረመት ቆርቆሮ ነው» ይላሉ።

ዲግሪ ይዤ ባጃጅ የምነዳው እኔም ይህን ውሸት ነው ልል አልችልም። ብቻ ትልቅ መኪና የሚጠብቀው ውስጡ ያለውን ሰው ነው። ባጃጅ ደግሞ ሳይመታ በፊት ዞር ማለት ይችላል። ይህን ለጋሽ ይርሳው የማስረዳበት መንገድ ግን አልነበረኝም።

ባለፈው ኅዳር አይሱዙዋቸው ስንዴ ሊጭን ኢተያ ሄዶ ሳለ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ የሚደርሱት ለቅሶ ገጠማቸው። ከእኔ ሌላ የቆመ ባጃጅ አልነበረም። እያጉረመረሙ ጎንበስ ብለው ከኋላ ገቡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«ቀስ በል!»

«ገና አልተነሳሁም እኮ፣ ጋሼ።»

ከከተማው እንደወጣን አንድ የጫነ አይሱዙ የፈረስ ጋሪ ለመቅደም የእኛን መስመር ይዞ ከፊት መጣ። ዳር ስይዝ ጋሽ ይርሳው ትከሻዬን ጨምድደው ጮኹ።

«አትልቀቅለት! ክላክስ አድርግበት! እሱ ይውጣ!»

«ጋሼ፣ ባጃጅ ላይ ነን!»

«መስመሩ የኛ ነው!»

መስመሩስ የእኛ ነበር። ክላክስ አደረግሁ፤ እንደ ጫጩት ጮኸ። ከዚያ መሪውን ጠምዝዤ ያልታጨደ ስንዴ ውስጥ ገባሁ። ባጃጇ በሁለት ጎማ ቆማ ትንሽ አመነታችና በሦስቱም አረፈች።

ጋሽ ይርሳው ጆሯቸው ላይ የስንዴ ዛላ ተሰክቶ ወጡ። «ማነው ለዚህ ከብት መንጃ ፈቃድ የሰጠው?»

አይሱዙው ቆመ። ሾፌሩ እየሮጠ መጣ። ሀሰኖ ነበር፤ ጋሽ ይርሳው ራሳቸው መንዳት አስተምረው በአይሱዙዋቸው ላይ የቀጠሩት።

«ጋሼ! እርስዎ ኖት እንዴ?»

«እኔን ልትገድል?»

«ወላሂ፣ ባጃጅ መስሎኝ ነው!»

«ባጃጅ ነው እኮ!»

«ታዲያ ለባጃጅ መንገድ እንዳትለቅ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ጋሽ ይርሳው ዛላውን ከጆሯቸው ነቅለው አዩት። ሀሰኖ በአይሱዙው ላድርስዎት ሲላቸው በእጃቸው ከለከሉትና ተመልሰው ባጃጇ ውስጥ ገቡ።

ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ሲወርዱ ልብሳቸውን አራገፉ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ። «ግን አስፋልቱን ትተው በውስጥ ለውስጥ ይምጡ። መንገዱ ላይ እኔ ያስተማርኳቸው ሾፌሮች አሉ።»